በሁለት ጣቢያ መሃል ያለው ድምፅ

ወንድሜ ሬዲዮ መስማት አይችልበትም ነበር። ሌላው ሰው ሬዲዮ የሚከፍተው ዜና ወይም ዘፈን ፍለጋ ነው፤ እሱ ግን መርፌዋን ከጣቢያ ጣቢያ ሲያንከራትታት ይቆይና በመጨረሻ ምንም የሌለበት ቦታ ላይ ያቆማታል። ሽሽሽ ይላል። እናቴ ከጓሮ ሆና «አንተ ልጅ፣ ወይ ዝጋው ወይ አስተካክለው፤ ዘይቱ የገነፈለ መስሎኝ ደነገጥኩ እኮ!» ትለዋለች። እናቴ በአሰብ መንገድ ለሚመላለሱ ሾፌሮች ቦምቦሊኖ እየጠበሰች ነው ያሳደገችን። ሽሽ የሚል ነገር ሁሉ ለእሷ ዘይት ነው።

ያኔ ከተማችንን ናዝሬት ነበር የምንላት። ከአርሲ፣ ከሁሩታ የመጡት እህል ነጋዴዋ ጎረቤታችን ብቻ «አዳማ» ማለታቸውን ለአንድ ቀን እንኳ ትተው አያውቁም። ቤታችን ከባቡር ሐዲዱ ብዙም አይርቅም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ የሰፈሩ አቧራ ሁሉ በእኛ በር በኩል ነው የሚያልፈው፤ እናቴም ሊጧን ተሸክማ ወደ ውስጥ ትሮጣለች። ነፋሱ ሲበርድ፣ የጋሪዎቹ ቃጭል ከመንገድ ሲቀንስ፣ ግቢው ውስጥ ፓፓያው ሥር ሰሌን አንጥፈን እዚያው እራት እንበላለን። ስለ ዓለም አመጣጥ የተነጋገርነው ሁሉ እዚያ ሰሌን ላይ ነው። ዛሬ መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ አለኝ፤ ያን ሰሌን የሚያክል ግን የለኝም።

እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር። ወንድሜ ታናሼም ተማሪዬም ነው። ክፍል ውስጥ «ቲቸር»፣ ቤት ውስጥ «እታለም» ይለኛል፤ ሊያናድደኝ ሲፈልግ «ቲቸር፣ ካልሲዬን አላየሽም?» ይላል። በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ጥግ ላይ፣ ድሮ ያስተምሩ የነበሩ ፈረንጆች ትተውት የሄዱት አንድ ካርቶን የሳይንስ መጽሔት ነበር። ማንም ስላልነካው ማንም አልከለከለውም። አቧራውን እያራገፍኩ አንድ አንድ እያልኩ ቤት አመጣቸው ጀመር።

ዓለም ሁሉ መጀመሪያ ላይ ጠባብና እጅግ የጋለ ነበር፤ ከዚያ ታላቁ ፍንዳታ በሚሉት ተለጠጠ፣ ቀዘቀዘም፤ ከዚያ የመጀመሪያ ግለት የተረፈው እስከ ዛሬ ድረስ ከየአቅጣጫው የሬዲዮ ሞገድ ሆኖ ይመጣል፤ ይህን ያነበብኩት ከእነዚያ መጽሔቶች ነው። ለወንድሜ ስነግረው ወደ ሬዲዮዋ ዞረ።

«ይሄ ሽሽ የሚለው?»

«ሁሉም አይደለም» አልኩት። አስተማሪ ነኝና እቅጩን መናገር አለብኝ። «አብዛኛው የመብረቅ ነው፣ የመኪና ሞተር ነው፣ የራሷ የሬዲዮዋ ነው። ከዚያ ውስጥ ግን ቅንጣቷ ከመጀመሪያው የመጣች ናት።»

«ቅንጣት ትበቃኛለች» አለና ወደ ጓሮ ጮኸ። «እማዬ፣ ነይ! ዓለም ሲፈጠር ስሚ!»

እናቴ እጇ በሊጥ እንደተለወሰ መጣች። ጆሮዋን ሬዲዮዋ ላይ ደቅና በደንብ አዳመጠች። ከዚያ ቀና ብላ ሁለታችንንም አየችን።

«አላልኳችሁም?» አለች። «የሚጠበስ ነገር አለ።»

የሳቅነው ሳቅ ዛሬም ይሰማኛል። ወንድሜ ሰሌኑ ላይ ተንከባለለ።

ከእናቴ ጋር መከራከር ደስ ይል ነበር፤ ማሸነፍ ግን አይቻልም። ከፍንዳታው የተረፈ ሙቀት የሚለውን በቦኩ አስረዳኋት። ጉልበቷን ሲያማት ቦኩ እየሄደች ከመሬት በሚወጣው እንፋሎት ትታጠን ነበርና «እማዬ፣ ቦኩ ሥር ያለውን እሳት አይተሽዋል? አላየሽም። እንፋሎቱ ግን ጉልበትሽን ያሽልሻል። ይሄም እንደዚያ ነው» አልኳት። ይህን ተቀበለች። የዘመኑን ነገር ግን አልተቀበለችም። «ቄሱ በየመስከረሙ ሰባት ሺህ ምናምን እያሉ፣ በየዓመቱ አንድ አንድ እየጨመሩ በሥርዓት ይቆጥሩልናል። ያንቺ ፈረንጅ ከየት አምጥቶ ነው ቢሊዮን የሚለኝ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» ከዚያ ወንድሜ ጠየቃት፤ «ግን እማዬ፣ ከዚያስ በፊት ምን ነበር?» እሷም ሊጧን እያሸች «ሊጥ ካለ እርሾ አለ» አለችው። «እርሾውስ?» «ከበፊቱ ሊጥ የተረፈ ነዋ።»  

አንድ ነገር ደግሞ መናገር አለብኝ። በእኛ ቤት ቅንጬ አይበላም ነበር። አባታችን ወንጂ በሸንኮራ ሥራ ላይ እያለ በወባ ሲሞት እኛ እዚህ ናዝሬት ነበርን፤ ጎረቤቶች ጎህ ሳይቀድ ትኩስ ቅንጬ ይዘው መጡ። እንደ ደንቡ ነው፤ መርዶ ከመነገሩ በፊት ሰውየው እህል መቅመስ አለበት፣ ለለቅሶው ጉልበት ይሆነዋል። ወንድሜ ትንሽ ልጅ ስለነበር ድግስ መስሎት ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በላ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ገቡ። ካደገ በኋላ «እኔን ሰው በጠዋት ከቀሰቀሰኝና ቅንጬ ከሸተተኝ በመስኮት ነው የምዘለው» ይል ነበር። እናቴም ከዚያ ወዲህ ቅንጬ ሠርታ አታውቅም።

ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ ስሙ ከቀበሌያችን ከወጡት መካከል ነበር። የመሄጃው ቀን እናቴ ስንቁን ስታሳስር እሱ ሬዲዮዋ ጋ ቁጭ ብሎ መርፌዋን ምንም ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አቆማት። በመስታወቱ ላይ በእኔ የጥፍር ቀለም ትንሽ ቀይ ነጥብ አደረገ።

«እስክመለስ ከዚህ እንዳትነቀንቋት» አለን።

እሱን የጫነው መኪና ከዓይናችን ከመጥፋቱ እናቴ ነቀነቀቻት። ከግንባር የወታደሮች ሰላምታ የሚተላለፍበት ጣቢያ ላይ አደረገቻትና ከዚያ በኋላ ማንም እንዲነካት አልፈቀደችም። ሬዲዮዋ ለሌላ ነገር ሁሉ ሞተች።

መጀመሪያ ላይ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ለእናቴ ደህና ነኝ ይላል፤ ለእኔ ግን ስለ ሰማይ ነው። መብራት የሌለበት ተራራ ላይ ስለነበሩ ፍኖተ ሐሊብን እንደዚያ ደምቆ አይቶት አያውቅም። «እታለም፣ ያ በጣም ሩቅ ያልሽኝ ብርሃን ምን ነበር ስሙ? እዚህ ላሉት ልጆች ሳስረዳ ጠፋብኝ» ብሎ ጠየቀኝ። ኩዌዛር ብዬ መልሼ ጻፍኩለት። ከዚያ ደብዳቤው ቆመ። እናቴ አላለቀሰችም፤ ቦምቦሊኖዋ ግን ማረር ጀመረ። ሾፌሮቹ አርሮም ይገዟታል።

ወራት ከቆየን በኋላ ድምፁን በሬዲዮ ሰማነው። ከብዙ ድምፆች መሃል የእሱ መጣ፤ ትንሽ ጎርነን ብሏል። «እማዬ፣ ደህና ነኝ፣ አታስቢ። እታለም፣ መርፌዋን መልሺልኝ።» ይኸው ነበር። እናቴ ሬዲዮዋን አቅፋ ሳመቻት። «ሰማሽው? አለ! ልጄ አለ!» አለች። በማግስቱ ያላረረ ቦምቦሊኖ ጠበሰች፤ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ አደለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያች ድምፅ ነው የምትኖረው።

መርፌዋን መመለሱን እምቢ አለች። «ሌላ ሰላምታ ቢልክስ?»

በዚያው ሰሞን ነው ቀበሌው እኔን የፈለገኝ። መሠረተ ትምህርት ለጨረሱ እናቶች በየእሁዱ በአዳራሹ ገለጻ ይሰጥ ነበር፤ አንድ ጊዜ ስለ ወባ፣ አንድ ጊዜ ስለ ማዳበሪያ። የቀበሌው ካድሬ እኩያዬ የሆነ ቀጭን ልጅ ነው፤ ቆቡን ከራሱ አያወርድም፤ ተኝቶም የሚያደርገው ይመስለኝ ነበር። «ጓድ መምህርት፣ ስለ ዩኒቨርስ አመጣጥ ሳይንሳዊ ገለጻ አዘጋጂልን» አለኝ። በደስታ አበድኩ። ያሰብኩትን ስነግረው ግን ግንባሩ ተቋጠረ።

«ቁስ አካል እኮ ዘላለማዊ ነው» አለኝ። «አልተፈጠረም፣ አይጠፋም። ያንቺ ፍንዳታ ግን መጀመሪያ አለው። መጀመሪያ አለ ካልሽ ደግሞ ቄሶቹ የሚሉትን አልሽ ማለት ነው።»

እንግዲህ ለእናቴ ከሃዲ ሆኜ ለካድሬው ቄስ ሆንኩ። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጬ ብከራከራቸው ደስ ባለኝ፤ እናቴ ግን ቦምቦሊኖ አቅርባለት ታሸንፈው ነበር።

ለገለጻው ስዘጋጅ የሁሩታዋ ጎረቤታችን ዋና ተማሪዬ ሆኑ። ማታ ማታ የእህል ብናኝ ከነጠላቸው እያራገፉ ይመጡና «አካም ኦልተ፣ ኢንተላ ኮ! እንዴት ዋልሽ ልጄ! ዛሬስ ከሰማይ ምን ወረደ?» ይሉኛል። አንድ ቀን ስለ ጨለማ ቁስ ነገርኳቸው። ከዋክብት የተሰበሰቡባቸው ጋላክሲዎች ሲዞሩ ፍጥነታቸው የሚታየው ነገር ብቻውን ሊይዘው ከሚችለው በላይ ነው፤ ስለዚህ የማይበራ፣ የማይታይ፣ ግን ከሚታየው የሚበልጥ ነገር አለ ማለት ነው አልኳቸው።

«ካልታየ በምን አወቃችሁት?»

«ሌላው ነገር በዙሪያው በሚያደርገው ነው፣ እትዬ። የሚታየው ነገር አካሄዱ ይለወጣል። ያኔ፣ አንድ የማናየው ነገር አለ እንላለን።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አያቴ ስትመርቀን ዋቃ ጉራቻ ትል ነበር። ጥቁሩ አምላክ፣ ጥቁሩ ሰማይ ማለት ነው። እኛ አሁን ሰጋጅ ነን፤ ግን ቃሏ አልጠፋኝም። የሚበራው ትንሹ ነው፣ ትልቁ ጥቁሩ ነው ትለን ነበር» አሉኝ። በጣም ደስ ስላለኝ በገለጻዬ ውስጥ እንደማስገባው ነገርኳቸው። «አንቺ ልጅ፣ ለካድሬው አያቴን እንዳትሰጪብኝ!» ብለው ሳቁ።

እሳቸው ከዚያ በኋላ እንደዚያ ሲስቁ ለረጅም ጊዜ አልሰማኋቸውም።

ገለጻው ሳምንት ሲቀረው ካድሬው ቀበሌው በር ላይ አስቆመኝ። ቆቡን አውልቆ በእጁ ይዞታል። ፀጉሩን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

«ገለጻው ለጊዜው ይቆይ» አለኝ።

«በመጀመሪያው ምክንያት ነው? መጀመሪያ አለው ስላልኩ?»

«አይደለም። ይቆይ በቃ።»

ነደደኝ። ያን ቀን ቤት እስክደርስ በልቤ ስንት መልስ እንደሰጠሁት አልነግራችሁም። ለእናቴ «ፈሪ ነው፣ ቢሊዮን ዓመት ያስፈራዋል» አልኳት። እሷ ግን እኔን አልሰማችኝም፤ አንድ ነገር እያሰበች ነበር።

በዚያ ሳምንት የሁሩታዋ እትዬ ቀን ከቀን ከቤታችን አይጠፉም። በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ ያመጣሉ፣ ወተት ያመጣሉ፣ እናቴ ፊት ቁጭ ብለው «ብይ እንጂ፣ ምነው ሰውነትሽ?» ይላሉ። የወታደሮቹ ሰላምታ ሰዓት ሲደርስ «ራሴን አሞኛል» ብለው ሬዲዮዋን ይዘጋሉ። ሾፌሮቹ ቦምቦሊኖ ሲገዙ ቀልድ ትተዋል። ዳይሬክተራችን ሳይቸግረው ጠርቶ «ሰኞ ካልተመቸሽ ቅሪ» አለኝ፤ እኔም ሥራ ስለበዛብኝ አዝኖልኝ መሰለኝ። በዚያው ሳምንት ክፍል ገብቼ፣ የማይታይ ነገር የሚታወቀው ሌላው በዙሪያው በሚያደርገው ነው እያልኩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ክብ እየሠራሁ አስተማርኩ። ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። ዓይኔ ግን ሰማይ ላይ ነበር።

ቅዳሜ ወደ ማታ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትገባ፣ እናቴ ሰሌኑ ላይ ለእሁድ ዱቄት ትነፋ ነበር። እኔ ነገር ስይዝ አልለቅም። አዳራሹን ከከለከሉኝ ለእናቴ እሰጠዋለሁ ብዬ ፓፓያው ሥር ቆምኩና ገለጻዬን ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እሷም ዱቄቷን እየነፋች ትሰማኛለች። ፍንዳታውን አለፍን፣ ጨለማ ቁስን አለፍን፣ ኩዌዛር ላይ ደረስን።

«በጣም ሩቅ ያለ ብርሃን ነው፣ እማዬ። ወንድሜ የሚወደው እሱን ነው። አንዱ ብቻውን ጋላክሲ ሙሉ ከዋክብት ያስንቃል። ግን ከሩቅነቱ የተነሳ ብርሃኑ እዚህ እስኪደርስ ቢሊዮን ዓመታት ይፈጅበታል። ስለዚህ ዛሬ የምናየው የዛሬውን አይደለም፤ የያኔውን ነው።»

ወንፊቱ ቆመ።

«ዛሬስ?» አለች።

«ዛሬማ ላይኖር ይችላል። አብዛኞቹ ጠፍተዋል። ብርሃኑ ነው እንጂ የደረሰን፣ እሱ ከጠፋ ቆይቷል።»

«ሰዎቹ ግን ብርሃኑን እያዩ፣ አለ እያሉ ይኖራሉ።»

«አዎ» አልኳት። ገብቷታል ብዬ ደስ አለኝ! «በትክክል እንደሱ ነው!»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኖቿ ከእኔ ተነስተው ወደ ሬዲዮዋ ሄዱ፣ ከሬዲዮዋ በግንቡ ላይ ወደ ሁሩታዋ እትዬ ጣሪያ ሄዱ፣ ተመልሰው እኔ ላይ አረፉ።

«ድምፁ» አለች። «ድምፁም እንደዚያ ነው? በሬዲዮ የሰማሁት?»

«ምን አልሽ፣ እማዬ?»

«ጨጨብሳው ለዚህ ነው። ወተቱ ለዚህ ነው። ሾፌሮቹ አፋቸውን የዘጉብኝ ለዚህ ነው። ዛሬ ደግሞ አንቺን ላኩብኝ።» ተነሳች። ዱቄቱ በሙሉ ቀሚሷ ላይ ተደፋ። «ልጄን! ልጄን! ወይኔ ልጄን!»

«ስለ ኮከብ ነው!» አልኳት። እጇን ያዝኩ፣ አመለጠችኝ። «እማዬ፣ ስለ ኮከብ ነው የማወራው! ምንም አልሰማሁም፣ ስለ ኮከብ ነው!» ደረቷን እየደቃች ትጮኻለች። እኔ ያሰብኩት ጎረቤት መጥቶ እንደሚያረጋጋልኝ ነው። ኧረ አይዞሽ፣ ምን ሆነሽ ነው፣ ሬዲዮ ላይ ሰምተሽው የለም ወይ ይሏታል ብዬ ነው።

መጀመሪያ የደረሱት የሁሩታዋ እትዬ ናቸው። ምን ሆናችሁ ብለው አልጠየቁም። በሩ ላይ ቆመው እኔን አዩኝና «ማን ነገራት? ለነገ ጠዋት አልነበረም የተባለው?» አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው «ኢልማ ኮ! ልጄን! ያ ሳቂታ! ያ የኔ ጎረምሳ!» እያሉ መሬት ላይ ወደቁ።

እኔ ፓፓያው ሥር እንደቆምኩ ነበር። እንደዚያ ነው የሰማሁት።

ከሁሩታ አብሮት የዘመተ ልጅ ቆስሎ ሲመለስ በመጀመሪያ ያረፈው የአገሩ ሰው በሆኑት በእሳቸው ቤት ነው። የነገራቸውም እሱ ነው። ሰላምታው የተቀዳው ከብዙ ጊዜ በፊት ነበር፤ እኛ ስንሰማው፣ እናቴ ሬዲዮዋን አቅፋ ስትስም፣ ወንድሜ ካረፈ ቆይቶ ነበር። እድሩ መክሮ፣ አጎታችን ከመተሐራ እስኪመጣ፣ እናቴም ደም ብዛት ስላለባት በደንብ እስክትበላ ድረስ ጠብቆ፣ ለእሁድ ማለዳ ወስኖ ነበር። ካድሬው ቆቡን ያወለቀው ለዚህ ነው። እኔ ግን የርዕዮተ ዓለም ክርክር መስሎኝ ነበር!

ድንኳኑ ተተከለ፣ የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። በሁለተኛው ቀን ሹክሹክታው ጆሮዬ ደረሰ። «እናቷን ብቻዋን፣ ያለ ሽማግሌ፣ በምሽት አረዳቻት። ምን ዓይነት ጨካኝ ናት?» ለማን ምን እላለሁ? አላውቅም ነበር፣ ስለ ሰማይ ነበር የማወራው ብል ማን ያምነኛል? እናቴ ከፍራሿ ላይ ሰማች። ድምፅዋ በለቅሶ ዘግቷል። «ልጄን እንዳትናገሯት» አለቻቸው። «ንገሪኝ ብዬ የለመንኳት እኔ ነኝ። እንደሷ በወግ ያረዳ የለም፤ በሰማይ አስመስላ፣ ከሩቅ አምጥታ ነው የነገረችኝ።»  እኔም እውነት እንደዚያ መስሏታል ብዬ አላረምኳትም።

እኔ አላለቀስኩም። ውሃ አቀረብኩ፣ እንግዳ ተቀበልኩ፣ እናቴን ደግፌ አነሳሁ፣ ደግፌ አስቀመጥኩ። አርባው ወጣ፣ ሰማንያው ወጣ። ጠመኔ ይዤ ክፍል ገባሁ። ስለ ወንድሜ ሲነሳ ሌላ ሥራ አገኛለሁ። ሰው «ትምህርት ልቧን አድርቆታል» ይል ነበር፤ እኔም እውነታቸውን ነው ብዬ አመንኩ። እንባ ከእኔ ዘንድ ያለፈቃድ የማይገባ እንግዳ ሆነ። ገለጻውንም ካድሬው ራሱ መጥቶ «ስትፈልጊ» አለኝ፤ አልፈለግኩም።

ሙት ዓመቱን ካወጣን በኋላ ባለው ቀን፣ ጎህ ሳይቀድ፣ እናቴ ትከሻዬን ነካ አድርጋ ቀሰቀሰችኝ።

«ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ።»

ወጥ ቤቱ በርቷል። የሁሩታዋ እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። እናቴ ትኩስ ሳህን ፊቴ አስቀመጠች። ሽታው ምግቡን ከማየቴ በፊት ደረሰኝ።

«ቅንጬ?» አልኳት። «እማዬ፣ በእኛ ቤት?»

«ብይ።»

«አልራበኝም።»

«ብይ አልኩሽ፣ ልጄ።»

በላሁ። በቅቤ የራሰ ነበር።  ማንኪያዬን ሳስቀምጥ እናቴ ወንበሯን ስባ ጉልበቷ ጉልበቴን እስኪነካ ቀረበችኝ።

«ያን ቀን ስለ ኮከብ ነው ስትይ እውነትሽን ነበር» አለች። «ፊትሽን አይቼዋለሁ። እኔ ነኝ የወለድኩሽ፣ ስትዋሺም ስትደነግጪም አውቅሻለሁ። ሰው አፉን እንዳይከፍትብሽ ብዬ ነው ድንኳን ውስጥ እንደዚያ ያልኩት።» ሳህኑን ከፊቴ አነሳች። «እኔን በምንም ይሁን በምን፣ ሰው አረዳኝ። አንቺን ግን ማንም አላረዳሽም። አንቺም እኮ እህቱ ነሽ።»

ሁለት እጆቼን ያዘቻቸው። እጇ የሊጥና የዘይት እጅ ነው፤ ሻካራ፣ ሙቅ።

«ልጄ» አለች። «ወንድምሽ አርፏል።»

እንግዲህ ያኔ ነው የጮኽኩት። ዓመት ሙሉ የትም ያልነበረው ጩኸት ከየት እንደመጣ አላውቅም። ጎረቤቱ ከእንቅልፉ እየተነሳ፣ ነጠላውን እያዘቀዘቀ፣ እንደ አዲስ ለቅሶ ግቢያችንን ሞላው። ካድሬውም ቆቡን በእጁ ይዞ መጣ። ማንም ይሄ አልፏል እኮ አላለኝም። እናቴ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አድርጋ ፀሐይ እስክትወጣ አስለቀሰችኝ።

ሰው ከተበተነ በኋላ ሰሌኑ ላይ ጋደም አልኩ። እናቴ ሬዲዮዋን አውጥታ አጠገቤ አስቀመጠቻት፣ ከፈተቻት። ከዚያ መርፌዋን ከሰላምታው ጣቢያ ላይ ቀስ አድርጋ አንስታ፣ እያጎነበሰች፣ በደንብ ማየት ስላቃታት ዓይኗን እያጠበበች፣ ቀዩዋ የጥፍር ቀለም ነጥብ ላይ አደረሰቻት።

ሽሽሽ አለ።

እናቴ ጆሮዋን ደቅና ብዙ ቆየች። ያን ቀን ዘይት ነው አላለችም።